የላት ነገር

ለፋሲካ አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬን ይዤ መንዝ ሄድኩ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብለን አንድ ኮረብታ ላይ ቆምን። የበልጉ ገብስ፣ በጎቹ፣ ከታች ያለው ባሕር ዛፍ፣ ጭጋጉ። "ሰው ያልነካው ተፈጥሮ ማለት ይሄ ነው!" ብሎ ስልኩን አወጣ። ሳቄ መጣ። ካነሳው ፎቶ ውስጥ ሰው ያልነካው ቢኖር ጭጋጉ ነው፣ እሱም እንጃ።

በጉን እንይ። አጎቴ የበዓል ሙክት ሲገዛ ጥርሱን ያይና እጁን ቀጥታ ላቱ ሥር ይሰዳል፤ ከፍ ዝቅ እያደረገ እንደ ሊጥ ይመዝነዋል፣ ፊቱን ካጨማደደ ዋጋ እንኳ አይጠይቅም። ይሄ እጅ ነው እንግዲህ በግን በግ ያደረገው። የዱሩ ዘመድ ሙፍሎን ላት የሚባል ነገር የለውም። ጅራቱ አጭርና ቀጭን ነው፣ ፀጉሩም በየዓመቱ ራሱ ይረግፋል። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት መካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ ሰው እያረባ መምረጥ ጀመረ። ፀጉራሙ ለልብስ፣ ስብ የሚያጠራቅመው ለክፉ ቀን። የእኛም ሰዎች ብርዱን የሚችለውን እያስቀሩ እዚህ አደረሱት፦ ትንሽዬ፣ ፀጉራም፣ የላቱ ጫፍ ወደ ላይ የተቆለመመ። ከፀጉሩ ባና ይሠራል። አንዳንድ አገር ደግሞ ላቱን አሳድገው አሳድገው፣ ላት የሌለው አውራ ሲመጣ እረኛው የሴቷን ላት ካላነሳለት አይሳካለትም። የቤቱ በግ አንጎልም ከዱሩ ያነሰ ነው። "በግ ነው እኮ" ብለን ሰው የምንሰድበው በገዛ ሥራችን ነው ማለት ነው።

ገብሱም ያው ነው። የዱር ገብስ ሲበስል ፍሬውን ይበትናል፣ የሚዘራው በዚያ ነው። ሰው ግን የሚያጭደው ዛላው ላይ የቀረውን ነው፤ ያንኑ እየዘራ በመጨረሻ ያለሰው እጅ መዘራት የማይሆንለት ገብስ አወጣ። የቆሎውና የጠላው ምሥጢር ይሄው ነው።

ባሕር ዛፉን ስነግረው ግን ጓደኛዬ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። የአገር ዛፍ ይመስለው ነበር! ስሙ እየነገረው፣ ባሕር ተሻግሮ ከአውስትራሊያ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ። ውኃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ሌላ አያበቅልም ይሉታል፣ እውነት አላቸው። እኔ ግን ያደግኩበት ቤት ማገሩም ማገዶውም እሱ ስለሆነ አፌን ሞልቼ ልረግመው አልችልም።

በማግስቱ በጓሳ ሣሩ ስም ወደሚጠራው የመንዝ ደጋ፣ ጓሳ ወጣን። "ይሄስ?" አለኝ። ይሄም በሰው ሕግ የቆየ ነው። ድሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፣ በኋላ ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መለሰው። ባይጠበቅ ኖሮ ቀይ ቀበሮው የት ይገባ ነበር?

ደግሞ እድላችን ሆኖ አየነው። ጭላዳ መንጋ መሐል ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እነሱ ዞር ብለውም አያዩት። ግልገላቸውን አይነካም፣ አይጥ ነው የሚያድነው፤ እነሱ መሐል ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀናዋል። ተኩላ ከሰው ጋር ተላምዶ ውሻ የሆነው እንዲህ እንዲህ እያለ ይሆን ብለው የሚጠይቁ ተመራማሪዎች አሉ።

ይሄን ሳወራለት ጓደኛዬ ሳያስበው አንድ እፍኝ ጓሳ ነጭቶ ኖሯል። ከማዶ ጠባቂው "ኧረ አንተ ሰውዬ!" ብሎ ጮኸ። ደንግጦ ሣሩን መልሶ ሊተክለው ምንም አልቀረው።