ያልነበረብኝን ውዝፍ ከካሳዬ ላይ ቆረጡት

እንግሊዝ አገር ከብድር ጋር አላግባብ አብሮ የተሸጠውን የክፍያ ዋስትና ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ፒፒአይ የሚለውን፣ ለማስመለስ የቅሬታው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2019 ነበር። እኔ ቀድሜ አስገብቻለሁ። ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ያልነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ብድሩ ውዝፍ ሲኖርበት ስሌቱ የት ላይ እንደሚበላሽ ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ቅሬታው በቀነ ገደቡ ውስጥ በጽሑፍ ለባንኩ ይገባ ነበር፤ ባንኩ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት ነበረው። ካልመለሰ፣ ወይም የመጨረሻ መልሱ ካላጠገበ፣ የመልሱ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ የባንክና የደንበኛ ክርክር ወደሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን መሄድ ይቻላል፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። «እናስመልስልሃለን» ለሚሉ ድርጅቶች ሰባራ ሳንቲም አትክፈሉ። ከ2018 ጀምሮ ኮሚሽናቸው በ20 በመቶ ቢገደብም፣ የሚሞሉት ቅጽ እናንተ የምትሞሉትን ያንኑ ነው።

ወረቀት ባይኖርም ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል ይባል ነበር። እውነት ነበር፤ ውዝፍ ላለበት ሰው ግን መጥፎ ምክር ነው። መጀመሪያ ባንኩ ስለ እናንተ የያዘውን መረጃ ሁሉ እንዲሰጥ በጽሑፍ ጠይቁ። ከሜይ 2018 ወዲህ ነፃ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለበት። የምትፈልጉት ከመጀመሪያው ወር አንስቶ እያንዳንዱን ክፍያና ቅጣት የሚያሳየውን የሂሳብ መግለጫ ነው። ያለ እሱ የባንኩን ስሌት ማመን እንጂ መመርመር አይቻልም።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ነገር። የግል ብድሮች ላይ የተለመደው አሠራር፣ የጠቅላላው ዘመን አረቦን አንድ ላይ ተሰልቶ ከብድሩ ጋር መደመሩ ነበር። አረቦኑ ራሱ ወለድ ይወልዳል። ይህ ዓይነቱ ሽያጭ በ2009 እንዲቆም ተደርጓል። ለምሳሌ 6,000 ፓውንድ በወር 1 በመቶ ወለድ ለ60 ወር ተበድራችሁ፣ 1,500 ፓውንድ አረቦን ተደመረበት እንበል። ያለ ኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያው 133.47 ነው፤ ከኢንሹራንሱ ጋር 166.83። ልዩነቱ በወር 33.36 ፓውንድ ነው።

24 ወር ሙሉውን ከፈላችሁ፤ ከዚያ አቅም አነሰና ለ10 ወር 135 ፓውንድ ብቻ ከፈላችሁ። ባንኩ በየወሩ 31.83 ጎደለ ብሎ ይጽፋል፤ በ10 ወር 318.30 ሆነ። ለእያንዳንዱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ 25 ፓውንድ ቢያስከፍል 250 ይጨመራል። በባንኩ መዝገብ የ568.30 ፓውንድ ውዝፍ አለባችሁ።

ኢንሹራንሱን አውጡትና ደግማችሁ አስሉ። 135 ከ133.47 ይበልጣል! አንድም ወር አልጎደለም። በመጀመሪያዎቹ 24 ወራት 800.64፣ በኋላኞቹ 10 ወራት 15.30፣ በድምሩ 815.94 ፓውንድ በትርፍ ከፍላችኋል። ውዝፉን የወለደው ኢንሹራንሱ ነው፤ የደብዳቤዎቹንም ክፍያ እንዲሁ።

የእኔ ባንክ ቁጥሩ ቢለያይም ያደረገው ይህንኑ ነው። አረቦኑን ከነወለዱ መለሰ፣ በላዩ 8 በመቶ ቀላል ወለድ አሰበ፣ ከዚያ «ውዝፉን» ከካሳው ላይ ቆረጠ። ሕጉ ማቻቻልን፣ ማለትም ዕዳን ከካሳ ላይ መቀነስን፣ አይከለክልም፤ የብድር ውሉ መብቱን ከሰጠውና አድራጎቱ ፍትሐዊ ከሆነ ይችላል። ሊያቻችል የሚገባው ግን ኢንሹራንሱ ባይኖር ኖሮ የሚቀረውን ዕዳ ነው እንጂ ራሱ የፈጠረውን አይደለም። እኔ ደግሞ የመቀበያውን ቅጽ «ሙሉና የመጨረሻ» ከሚለው ቃል ጋር በሦስተኛው ቀን ፈርሜ ላክሁ። ስደውል የመለሰችልኝ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ «ፈርመዋል እኮ» አለችኝ። እሷ ላይ መናደዱ ይቀላል፤ ሳያሰላ የፈረመው ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሳትፈርሙ የሚከተለውን በጽሑፍ ጠይቁ። ብድሩ ኢንሹራንሱ እንዳልነበረበት ተደርጎ ወር በወር እንደገና ይሰላልኝ፤ ስሌቱ ይላክልኝ። በኢንሹራንሱ ምክንያት የመጡት ቅጣቶች ከ8 በመቶ ጋር ይመለሱ። የክሬዲት ፋይሌ (ብድር እንዴት እንደከፈልኩ የሚያሳየው መዝገብ) ይስተካከል። ስልክ አትደውሉ፤ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ላይ ማስረጃው የእነሱ ቅጂ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ወይም የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈል የቤት ግብር) ዕዳ ካለባችሁ፣ ያም አስቸኳይ ስለሆነ ገንዘቡ በእጃችሁ እንዲሰጥ ጨምራችሁ ጻፉ። ዕዳው ለሰብሳቢ ኩባንያ ተሸጦ ከሆነም ዛሬ የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የሸጠውን ዕዳ ባንኩ ምኑን ያቻችለዋል?

ከፈረምኩ በኋላም ኦምቡድስማን ጉዳዬን አይቶልኛል፤ የተከራከርኩት የባንኩ ደብዳቤ ውዝፉ እንዴት እንደተሰላ አለመግለጹን ይዤ ነው። ቅጣቶቹ ተመለሱ። አንድ ዓመት ግን ሄደ።

ከ8 በመቶው ወለድ ላይ (ከዋናው ካሳ ላይ አይደለም) 20 በመቶ ግብር ይቆረጣል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው አር 40 በሚባለው ቅጽ ማስመለስ ይችላል፤ ገደቡ 4 ዓመት ነው።

ቀነ ገደቡ ላለፈበት የቀረው በር ጠባብ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው የፕሌቪን ፍርድ (2014) ያልተነገረ ከፍተኛ ኮሚሽን የብድር ግንኙነቱን ፍትሐዊ እንዳይሆን ሊያደርግ እንደሚችል አረጋግጧል፤ እዚያ የታየው ኮሚሽን ከአረቦኑ 71.8 በመቶ ነበር። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ6 ዓመቱ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) የሚቆጠረው የብድር ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን መሆኑን ወሰነ። ብድሩ ከተዘጋ 6 ዓመት ካልሞላው ብቻ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ይታሰብ።

የክሬዲት ፋይሉን ነገር በባንኩ ቃል አትተዉት። ፋይሉን የሚይዙት ኩባንያዎች፣ ኤክስፔሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን፣ መዝገባቸው ለየብቻ ነው። የእኔ በሁለቱ ሲጠፋ በሦስተኛው ላይ ውዝፉ ተጽፎ ቆይቶ ነበር፤ ሌላ ደብዳቤ አስጻፈኝ።