ስሙ የት ሄደ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። ዲዛይነር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጠዋት የሰርግ ካርድ እሠራለሁ፤ ከሰዓት ማኅተም፤ ማታ ባነር ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ እጭናለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ማሊያ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈር ውድድር ይጀመራል፤ ያኔ እኛ ቤት ወረፋ ነው።

የምነግራችሁ ከእነዚህ ክረምቶች በአንዱ የገጠመኝን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ወድጄ አይደለም። ያኔ ለመናገር አራት ቀን ስለፈጀብኝ ነው።

ትዕዛዙ የመጣው ከገዛ ሰፈሬ ክለብ ነው። ሃያ ሁለት ማሊያ። ክለቡ ባለቤት የለውም፤ የሰፈሩ ነው። ኳስ የሚገዛው በመዋጮ ነው። ለወዳጅነት ጨዋታ ኮምቦልቻ ሲወረድ የሚኒባሱ ሒሳብ ከደጋፊው ይለቃቀማል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት ወርዶ መውጣት ለዚያ ሁሉ ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። ዳኛም ይከፈላል። በረኛው የሚያደርገው ጓንት አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

በዚያ ዓመት ስፖንሰር ተገኘ። የስፖርት ውርርድ ቤት ነው፤ ቤቲንግ የምንለው። ስሙ ይቅር። የማሊያውን ሙሉ ወጪ ሊችል፣ በዚያ ላይ 80 ሺህ ብር ሊሰጥ ተስማማ። የክለቡ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሱቅ ድረስ መጥተው ሲነግሩኝ ፊታቸው ወለል ብሎ ነበር። «ልጄ፣ ዘንድሮ መረብ ያለው ጎል ይኖረናል» አሉኝ።

የድርጅቱ ሰው ሎጎውን በቴሌግራም ላከልኝ። ደረት ላይ ይሁን፣ ከሩቅ ይታይ፣ ስፋቱ 28 ሴንቲ ሜትር። ይኸው ነው ያለው። ሌላ አላለም።

የክለቡ ማሊያ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ደረቱ ላይ የሰፈሩ ስም በነጭ፣ ቀስት ሆኖ ይጻፋል። እኔ ልጅ ሆኜም እንደዚያው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሎጎውን ከስሙ ስር ሳስቀምጠው ተጨናነቀብኝ። የሚኒባስ መስታወት መሰለ። ሎጎውን ሳሳንሰው ከ28 ይጎድላል። ስሙን ሳሳንሰው ያስጠላል። ሰዓቱ መሽቷል። ስሙን አንስቼ ጀርባ ላይ፣ ከቁጥሩ በታች፣ በትንሹ ጻፍኩት። አየሁት፤ አማረኝ።

ልብ በሉ፣ ስሙን አንሳው ያለኝ የለም። ስፖንሰሩ አላለም። ክለቡም አላለም።

ናሙናውን ለድርጅቱ ሰው ላክሁ። ቀብድ የከፈለው እሱ ነዋ! አውራ ጣት መለሰልኝ። ለሰብሳቢው አላሳየሁም። እሳቸው የያዙት የቁልፍ ስልክ ነው፤ ፎቶ አይቀበልም። መጥተው ይዩት እንዳልል ደግሞ ዝናቡ ነበር፣ ወረፋው ነበር። ሰነፍኩ ማለት ይቀላል።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ ኋላ ይጠቅመናል። ሰብሊሜሽን የሚባለው ኅትመት ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ ስለሚገባ አይላጥም፤ ግን ነጭ ወይም ፈዛዛ ጨርቅ ይፈልጋል። ጥቁር አረንጓዴ ላይ አይታይም። ስለዚህ በቪኒል፣ በሚጣበቅ ስስ ፕላስቲክ፣ ሠራሁት። ቪኒል በማሽን ይቆረጣል፣ ትርፉ በወረንጦ ይለቀማል፣ ከዚያ በሂት ፕሬስ ሙቀት ጨርቁ ላይ ይጣበቃል። ሃያ ሁለት ጊዜ ፊት፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ጀርባ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ረቡዕ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጨርሼ፣ አጣጥፌ፣ በትልቅ ፌስታል አስረከብኩ። ኮርቼ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ፌስታሉ ተመልሶ መጣ። ፌስታሉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ከኋላው አሥራ አምስት ሰው አለ።

መጀመሪያ የተናገረው አምበሉ ነው። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ዝምተኛ። «ወላሂ፣ እኔ ይሄን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሜዳ አልገባም» አለ። «ቁማር ሐራም ነው፤ በቃ። ካኑቴም አልለብስም ብሏል።» እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የስፔኑ ክለብ ሲቪያ የኢንተርኔት ቁማር ቤት ስም ማሊያው ላይ ሲያደርግ ሙስሊሙ አጥቂ ፍሬዴሪክ ካኑቴ ስሙ የሌለበት ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል።

«ኋላ ለብሶታል!» አለ አንዱ ከበር ላይ። ይኼም እውነት ነው።

እኔ ፈራሁ። ነገሩ የሃይማኖት ሊሆን ነው ብዬ። ወሎ ላይ ይህን መፍራቴ ራሱ ያሳፍራል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ያለበት ሀገር ነው። ደግሞም አልሆነም። ከአምበሉ ብሶ የተገኘው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እሱ ክርስቲያን ነው። «ሐራም ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም» አለ። «እኔ የማውቀው አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ነው። ቅዳሜ ደመወዝ እሰጠዋለሁ፣ እሑድ ማታ ለታክሲ አበድረኝ ይለኛል። ቲኬቱ በአንድ ጌም ተቃጠለብኝ ይላል። ሁልጊዜ በአንድ ጌም ነው! አሁን ያ ልጅ ሜዳ መጥቶ እኛ ደረት ላይ ያንኑ ስም ያንብብ?»

ሰብሳቢው በመምህር ድምፅ ሊያረጋጉ ሞከሩ። በ2013 ዓ.ም. የሀገሪቱ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተብሎ ነበር፤ ያኔ ማን ማየት ተወ? አሉ። አንድ የአርሰናል ደጋፊ ልጅ ከእሳቸው ጋር ቆመ። «አርሰናል በፈረንጆች ከ2006 ጀምሮ ደረቱ ላይ ኤምሬትስ ነው። በ2018 እጅጌው ላይ ሩዋንዳን ጎብኙ ብሎ ለጠፈ። አርሰናል ሰፈሩ ኪጋሊ ነው እንዴ? ብር ነው፣ ብር!»

የባርሳው ደጋፊ ዝም ሊል አልቻለም። ባርሳ እስከ 2006 ደረቱን ለማንም ሳይሸጥ ኖሮ፣ መጀመሪያ የለጠፈው የዩኒሴፍን ስም ነው አለ፤ ያውም ክለቡ ራሱ ለዩኒሴፍ እየከፈለ። «በ2011ስ? ኳታር ማን አስገባት?» አለው የአርሰናሉ። በዚህ መሐል የሰርግ ካርድ ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት ከሁለቱ መሐል ቆመው ነበር። «ኧረ በእመቤቴ፣ የእኛን ካርድ ስጡንና ተጣሉ!» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ የመጨረሻውን ካርድ መዘዘ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ቁማርን ከማሊያ ፊት ለማንሳት ተስማምተዋል አለ። የአርሰናሉ ልጅ መልስ አላጣም። «ከ2025/26 ማብቂያ በኋላ እኮ ነው! እስከዚያ እየበሉ ነው። ደግሞ የተስማሙት ለደረት ብቻ ነው፣ እጅጌን አይጨምርም።» ሰብሳቢው ይህችን ሲሰሙ ቀና አሉ። እኔ ያኔ ልብ አላልኩም።

ይህ ሁሉ ግን ሞቅ ያለ የኳስ ክርክር ነው። ሰዉን ያነደደው ሌላ ነገር ነበር። አንዱ ማሊያውን ዘርግቶ ከፍ አደረገው።

«ስሙስ? የሰፈሩ ስም የታለ?»

አገላበጡት። ጀርባ ላይ አገኙት፣ ከቁጥሩ ስር። ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «በ80 ሺህ ብር ስማችንን ሸጡት!» አለ አንድ ጎረምሳ። ሌላው ተቀበለው። «ስፖንሰሩ ይነሳ ሲል እሺ ብለው ፈረሙ!» ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልፈረምኩም፤ ምናልባት ድርጅቱ...» አሉና ዝም አሉ።

እኔ ኮምፒውተሩ ጀርባ ነበርኩ። ፋይሉ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት።

ዓርብም አልተናገርኩም። ቅዳሜም። ለራሴ ምክንያት አላጣሁም፤ ነገሩ ይበርዳል፣ አለቃዬ ያባርረኛል፣ ደግሞ ሎጎውን ያመጣሁት እኔ ነኝ እንዴ? ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ስነካካ ስለ ዌልሱ ክለብ ካርዲፍ ሲቲ አነበብኩ። ባለሀብቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሰማያዊውን ማሊያ ቀይ አደረጉት፤ ደጋፊው አልተዋጠለትም፤ በ2015 መጀመሪያ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። ይኼ ትንሽ አጽናናኝ፤ ከእኔ የባሰ አለ ብዬ። ቀጥሎ ያነበብኩት ግን አላስተኛኝም። ብራውንሽቫይግ የሚባል የጀርመን ክለብ እ.ኤ.አ. በ1973 አንበሳ ያለበትን አርማውን ትቶ ስፖንሰር የሆነውን የመጠጥ ድርጅት አጋዘን ደረቱ ላይ አደረገ። ሙሉ አርማ! ግን አባላቱ ተሰብስበው፣ እጅ አውጥተው ነው የወሰኑት። እኔ ያንን ያህሉን ብቻዬን፣ በሁለት ክሊክ ጨረስኩት።

እሑድ በቅሬው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ለሌላ ሀገር ሰው ቅሬ ማለት ዕድር ነው። ተመረቀ፣ ቡና ተፈላ፣ ከዚያ ጭቅጭቁ ከሐሙስ ከቆመበት ቀጠለ። ሰብሳቢው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ሁለት ወንበር ባዶ ነው።

ቶናው ሲቀዳ የክለቡን ማሊያ የሚያጥቡት እናት ተነሡ። ለዓመታት ያጠቡት እሳቸው ናቸው፤ ለሳሙና ብቻ እየተሰጣቸው። በስብሰባ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «ግን ማሊያውን ሳሰጣ ስሙን ወደ መንገዱ አዙሬ ነው። አላፊ አግዳሚው ያነባታል። ትናንት አንዱን አምጥተው ሲያሳዩኝ የምን ሱቅ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ብር ሰጪው ሎጎዬን አድርጉልኝ አለ፤ እሺ። ስሙን አንሱልኝ ብሏል? ማን ሰማው? ሦስት ቀን ሙሉ እኚህን ሰው ስትሰድቡ ይህን የጠየቀ አለ?»

የሰማ የለም። እግሬ ከልቤ ቀድሞ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ማንም አላለኝም። ቦታ ጠበበኝ፣ ወደ ኋላ አዞርኩት።»

ስድብ ጠብቄ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብቻ «አንተ ልጅ፣ ሰፈር ቀይረሃል እንዴ?» አሉ፤ ጥቂት ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቁም። አልተቆጡኝምም። «ዓርብ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰላም ያላሉኝ ሰዎች ነበሩ» አሉ፤ እኔን ሳያዩ። ከዚያ ሲኒያቸውን አነሡ። ስለ ጥፋቴ እስከ ዛሬ ከዚያ በላይ የተናገሩት ነገር የለም። ምነው በሰደቡኝ!

የስሙ ነገር ከወጣ በኋላ ክርክሩ ቀዘቀዘ እንጂ አላለቀም። ቁማሩ እንደሆነ ቁማር ነው። በረካው ሲመጣ ሰብሳቢው የሐሙሷን ነገር አነሡ፤ እጅጌን። ሎጎው ከደረት ወርዶ ግራ እጅጌ ላይ፣ በትንሹ፤ ስሙ ወደ ቦታው። አብዛኛው እሺ አለ። ሰኞ ለድርጅቱ ሰው ተደወለ። እጅጌ ከሆነ 80 ሳይሆን 50 ሺህ ነው አለ። ሰላሳ ሺህ ብሩ በእኔ ነው የሄደው የሚሉ አሉ፤ አልከራከርም።

ማስተካከሉ የእኔ ዕዳ ሆነ። ቪኒል መሆኑ በጀ። እንደገና በሙቀት አላልቼ በወረንጦ ላጥኩት። ማስቲሹ ግን በቀላሉ አይለቅም፤ ሲለቅም የጨርቁ ወዝ ይለወጣል። የሰፈሩን ስም በፊት ከነበረው ትንሽ አተልቄ ጠባሳው ላይ ደረብኩት፤ ግማሹን ሸፈነው። ዝናብ ሲመታው ከስሙ ስር የድሮው ሎጎ ጠርዝ ይታያል። የቪኒሉን ዋጋ አለቃዬ ከደመወዜ በሁለት ወር ቆረጠው። ሐሙስ ዕለት ፋይሉን ስዘጋ አይቶኝ ነበር ለካ። «አንተው ትናገራለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። «ቆየህ።»

የመጀመሪያው ጨዋታ ሆጤ ሜዳ ላይ ነበር። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሩቁን ጎል ሸፍኖታል። አምበሉ የአምበልነት ማሰሪያውን ከወትሮው ከፍ አድርጎ፣ ልክ ሎጎው ላይ አስሮ ገባ። የድርጅቱ ሰው ጎኔ ቆሞ ነበር። አየ። አምበል ማሰሪያ አትሰር አይባል! ሁለት ልጆች ደግሞ እጅጌያችን ባዶ ይሁን ብለው ሆኖላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ግን እስካሁን አልተመለሰም። መዋጮውን በወሩ ይከፍላል፤ ሜዳ አይመጣም። ውጤቱን ከደንበኞቹ ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ ሱቃችን ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ናሙናው ይታተምበታል፤ ከስሩ ሁለት ፊርማ ይፈረምበታል፤ የከፋዩና የለባሹ። አለቃዬ መጀመሪያ ሲያየው ሳቀ፤ ኋላ ግን አጸደቀው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ለሠራተኞቹ ስድሳ ቲሸርት ሊያዝ መጣ። ቀብዱን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የሚለብሱት ሰዎች አይተውታል ጋሼ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አገባህ? ዝም ብለህ አትም!» አለ። ወረቀቱን ገፋ አደረግሁለት። አንዱን ሠራተኛ ይላኩልኝ፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ አይቶ ይፈርም። ብሩን መልሶ ኪሱ ከተተና መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን ገባ።

አለቃዬ ከበሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስድሳ ነው ያለው?» አለኝ።