4,294,967,297

ከቁጥሮች ሁሉ የትኛውን እንደምወድ ብጠየቅ 4,294,967,297ን ከመጥራት አላመነታም። ከ2³² ላይ አንድ ሲጨመር የሚገኘው ይህ ቁጥር ዛሬም ማታ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል።

ታሪኩ የሚጀምረው በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ሸንጎ አባል ከነበረው ከፒዬር ደ ፌርማ ነው። ፌርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸውን፣ ማለትም ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ እንደሌላቸው ተመለከተ። እነዚህ የሚገኙት የ2ን ርቢ ከ1 ጀምሮ በየጊዜው እጥፍ እያደረጉ አንድ በመጨመር ነው፦ 2¹ + 1፣ 2² + 1፣ 2⁴ + 1 እየተባለ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፈው ደብዳቤ ተከታዮቻቸውም ሁሉ ብቸኛ ናቸው የሚል እምነቱን ገለጸ፤ የተሟላ ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልሸሸገም። ስድስተኛው ተራ የደረሰው ለዚህ ቁጥር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1732 የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ቁጥሩ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። ለዚህም ጭፍን ሙከራ አያስፈልግም። ብቸኛ ቁጥር የሆነ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ከአንድ የ64 ብዜት በአንድ የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ስለዚህ መፈተን የሚገባቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577 እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው፤ አምስተኛው ራሱ 641 ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህን ማጣሪያ የሚያስገኘው ቲዎረም የፌርማ የራሱ መሆኑ፣ ያውም በዚያው በ1640 የጻፈው መሆኑ ነው። መሣሪያው በእጁ ነበር።

ማካፈል ሳያስፈልግ 641 አካፋይ መሆኑን የሚያሳየው አጭር መንገድ ደግሞ ደጋግሜ ብጽፈውም አይሰለቸኝም። 641 በሁለት መልክ ይጻፋል፦ በአንድ በኩል 5 × 2⁷ + 1 ነው፣ በሌላ በኩል 5⁴ + 2⁴ ነው። ከሁለተኛው መልክ ተነሥተን በ2²⁸ ብናባዛው 5⁴ × 2²⁸ + 2³² እናገኛለን፤ ይህ በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከመጀመሪያው መልክ ደግሞ 641 ማለት 640 + 1 ስለሆነ 640⁴ − 1ን፣ ማለትም 5⁴ × 2²⁸ − 1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስንቀንስ ግዙፉ ክፍል ይጠፋፋና 2³² + 1 ብቻውን ይቀራል። ሁለቱም በ641 ስለሚካፈሉ ልዩነታቸውም ይካፈላል።

ከእርሱ በሁለት የሚያንሰው 4,294,967,295 ደግሞ የእነዚያ የአምስቱ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1796 አሥራ ሰባት እኩል ጎኖችና እኩል ማዕዘኖች ያሉት ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ካሳየ በኋላ እነዚህ ቁጥሮች በጂኦሜትሪም ትልቅ ቦታ አገኙ፤ በዚሁ መንገድ ሊሠሩ እንደሚችሉ ከሚታወቁት ጎዶሎ የጎን ብዛት ያላቸው ባለ እኩል ጎንና ማዕዘን ቅርጾች ትልቁ ይህን ያህል ጎን ያለው ነው።

ከ65,537 ወዲህ ሌላ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም። ርቢው 2⁵ ከሆነው ከዚህ ቁጥር አንሥቶ ርቢው 2³² እስከሆነው ድረስ ያሉት ሁሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል፤ ርቢው 2²⁰ የሆነው ግን ብቸኛ አለመሆኑ ተረጋግጦ ሳለ አንድም አካፋዩ እስካሁን አልተገኘም። ቀጣዩ፣ ርቢው 2³³ የሆነው፣ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዞች አሉት። እርሱ ብቸኛ ሆኖ ቢገኝ በማስመሪያና በኮምፓስ ለሚሠሩት ለእነዚያ ጎዶሎ ጎን ቅርጾች አዲስ ትልቅ ይገኝላቸዋል፤ እኔ ግን አይመስለኝም።