ግራኙ ኦሪት ሲያነሳ

ግራኝ መሆን ያን ያህል ችግር የለውም። መቀስ ያስቸግራል። በግራ እጅ ስትጎርስ አክስቶች ይቆጡሃል። ከዚያ በተረፈ ሰው ነህ። ሻባት ዛኾር ላይ ኦሪት አንሳ ካልተባልክ በስተቀር።

ለማታውቁት ላስረዳ። እኛ አይሁዶች ዘንድ በፑሪም (አስቴር ሕዝቧን ያዳነችበት በዓል) እና በፋሲካ ሰሞን አራት ልዩ ሰንበቶች አሉ። የሳምንቱ ፓራሻ፣ ማለትም የኦሪት ክፍል፣ ከተነበበ በኋላ ከሌላ ኦሪት ተጨማሪ ንባብ ይነበባል። መጀመሪያ ሽቃሊም ነው፤ ከዘጸአት 30፣ እያንዳንዱ ሰው ስለሚያወጣው የሰቅል ግማሽ። ከፑሪም በፊት ባለው ሰንበት ዛኾር፤ አማሌቅ በመንገድ ላይ ያደረገብህን አስብ የሚለው። ከዚያ ፓራ፣ የቀይዋ ጊደር ሕግ። መጨረሻ ሃሖዴሽ፣ ስለ ኒሳን ወርና ስለ ፋሲካ።

ሁለተኛ ኦሪት ለምን አስፈለገ? ጥቅልል ስለሆነ ነው። ከዘጸአት እስከ ዘዳግም እየጠቀለሉ ሕዝብ ማስጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ሌላኛው አስቀድሞ ቦታው ላይ ተከፍቶ ይዘጋጃል። አባቴ በዚህ ነገር አሁንም ይገረማሉ። በ1983 በሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። «ጎንደር እያለን ኦሪታችን መጽሐፍ ነበር። ቄሱ ገለጥ አድርገው ያነባሉ። ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከመጠቅለሉ ነው» ይላሉ።

ጣጣው እኔ ላይ እንደሚያርፍ ግን እሳቸውም አላወቁም።

የምንሄደው ቂርያት ጋት፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለ የአሽከናዚዎች (የአውሮፓ አይሁዶች) ቤት ክነሴት፣ ምኩራብ፣ ነው። ቅርብ ስለሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት የለንም። እነሱ ዘንድ ንባቡ ሲያልቅ አንድ ሰው ጥቅልሉ የተጠቀለለባቸውን ሁለቱን እንጨቶች ይዞ ኦሪቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ጽሑፉንም ለሕዝቡ ያሳያል። ሃግባሃ ይሉታል። ትልቅ ክብር ነው። ሁልጊዜ የሚያነሳው ትከሻው እንደ በር የሆነ ሰውዬ ነበር። ያን ቀን ወገቡን ይዞት ቀረ። ገባዩ፣ የጸሎቱ አስተናባሪ፣ አዳራሹን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ግራኝ ነኝ» አልኩት።

«ሁለት እጅ አለህ አይደል?» አለኝ።

አሁን ነገሩን አስቡት። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። የተነበበው በቀኙ እንጨት ይጠቀለላል፣ ያልተነበበው በግራው። ዛኾር ያለው ዘዳግም 25 ላይ ነው፣ ኦሪት ልታልቅ ትንሽ ሲቀራት። ከ304,805ቱ ፊደላት አብዛኞቹ በቀኝ በኩል ተጠቅልለዋል። ግራው እንጨት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ግራ እጄ፣ ያ ጎበዙ እጄ፣ ሥራ ፈት ሆኖ ሊያይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስንት ሰንበት እያለ!

ደግሞ ያን ቀን ሰው ሞልቷል። ዛኾርን መስማት ራሷ ኦሪት ያዘዘችው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ የማይመጡ ሴቶች ሁሉ መጥተዋል። እናቴም ከሴቶቹ መጋረጃ ወዲያ አለች።

ንባቡ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ቶሎ አለቀ ስል አንባቢው የመጨረሻውን ደገመው። አባቴ ጎኔን ነካ አድርገው «ተሳሳተ እንዴ?» አሉ። አንዷን ቃል በሁለት ዓይነት አናባቢ የሚያነቡ ስላሉ፣ ከስህተት ለመዳን ሁለቱንም ያነባሉ አልኳቸው። «ካልተስማሙ ቄስ አይጠይቁም?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ተጠራሁ።

አንድ ነገር ረስቼ። ኦሪት መሬት ከወደቀ፣ ሲወድቅ ያየ ሁሉ 40 ቀን ይጾማል የሚባል ልማድ አለ። በምጽዋት የሚያቃልሉ ራቢዎች አሉ፤ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን 40ውን ነው።

ገባዩ በሹክሹክታ አስተማረኝ። ጠረጴዛው ጠርዝ ድረስ ሳብ፣ እጀታውን ወደ ታች ተጫን፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርግና ተነስ። እንዳለኝ አደረግኩ። ተነሳ! ግራው ቀጥ ብሎ ወጣ። ቀኙ ግን ቀስ እያለ ማዘንበል ጀመረ።

ፊት ለፊት የተቀመጡት ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጠገባቸው ያለውም ጨፈነ። ገብቷችኋል? ያላየ አይጾምም! ወዲያው ረድፉ በሙሉ ጨፈነ። የሃግባሃ ነገሩ ጽሑፉን ማየት ነው፤ እነሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ቬዞት ሃቶራ»፣ ኦሪቷ ይህች ናት፣ ይላሉ። እንደ ልማዱ በትንሿ ጣታቸው ወደ ኦሪቱ ይጠቁማሉ። አንዱ የሚጠቁመው ወደ ማራገቢያው ነበር።

ይሄኔ እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ልጇ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ኦሪት ተሸክሞ ቆሟል። ማዘንበሉ አልታያትም።

«እልልልልልልል!»

ያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። የጨፈኑት ወድቆ ተጮኸ መሰላቸው። ሽማግሌው ጭራሽ ፊታቸውን በጸሎት ሻርፓቸው ሸፈኑ። እኔም ደነገጥኩ፤ ቀኝ እጄ ደግሞ እኔን እየጠበቀ አልነበረም። አባቴ ከየት መጡ ሳልል ከጎኔ ቆመው መዳፋቸውን ከቀኙ ጥቅል ሥር አስገቡ። «አይዞህ» አሉኝ በአማርኛ። «ለጾሙ እንኳ እኛ እንችላለን፤ እነዚህ ናቸው የሚጎዱት።»

ወንበር ላይ ደርሰን ተቀመጥኩ። ኦሪቱን ጠቅልለው አለበሱልኝ፤ አቅፌ ሃፍታራውን፣ ከነቢያት የሚነበበውን፣ ሰማሁ። ሳኦል የአማሌቅን ንጉሥ አጋግን ሳይገድል የቀረበት ታሪክ ነው። ያን ቀን አልፈረድኩበትም፣ እጁ ዝሎበት ይሆናል። የኔ ቀኝ እጅ ከክርን በታች ደንዝዞ የለም ማለት ይቻላል።

ያልጠበቅኩት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦሪት ያነሳን ሰው ሁሉም እየመጣ «ይሻር ኮአሕ»፣ ጉልበትህ ይበርታ፣ ብሎ ይጨብጠዋል። በቀኝ። ዓይናቸውን የጨፈኑት በሙሉ ተሰልፈው መጡ። ከሁሉ አጥብቀው የጨበጡኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። «ግሩም ነበር» አሉኝ። ምኑን አይተው!

ቅዱሽ፣ ከጸሎት በኋላ ያለው ግብዣ፣ ላይ ገባዩ ከአባቴ ጋር ወሬ ገጠመ። አባቴ ስለ ፓራ ይነግሩታል። አገር ቤት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ እንደሚቀመጥ፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው እህል ከርቀት እንዳቀበሉ። ገባዩ አፉን ከፍቶ ሰማ። «እኛ የምናነበውን እናንተ ኖራችሁታል!» አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ሻባት ፓራም ልጅሽ ያንሳልን አላት። ዕብራይስጧ ብዙም አይደለም። «በሴደር፣ በሴደር»፣ እሺ እሺ፣ አለችው።

አባቴን በልመና ዓይን አየኋቸው። እሳቸው ዓሣቸውን እየበሉ ነው። «ፓራ እኮ ዘኍልቁ 19 ነው» አሉኝ። «ከዘዳግም በፊት ስለሆነ ትንሽ ይቀልሃል።»

ሻባት እንደወጣ እናቴ ስልኳን አንስታ ሬሖቮት ያሉትን ሦስቱን አክስቶቼን ጋበዘች። አርብ መጥተው ያድራሉ። ሦስቱም እልልታ ይችላሉ።