የሰፈራችን እድር ያስተማረኝ ኮድ

ዌብ ደቨሎፐር ነኝ። ቀን ኮምቦልቻ ወርጄ የምሠራው እንጀራዬ ነው። ማታ ደሴ ገብቼ የምጽፈው ኮድ ግን የራሴ ነው። ሰሞኑን ልቤን የወሰደው የሰፈራችን እድር መዝገብ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ ናቸው የጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይህን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ አስገባልን እስቲ» አሉኝ። «አብሽሩ ጋሼ» አልኳቸው።

ከሁሉም ያመራመረኝ ስም ፍለጋው ነው። ወሎ ነውና መዝገቡ ውስጥ ሐሰንም አለ፣ ኃይሉም አለ፣ ፀሐይም አለች። አንዱ «ሐሰን» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ሀሰን» ብሎ ይፈልገዋል። ለጆሯችን አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ ለየብቻ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። እንዲያ መሆኑም ደግ ነው፤ ሰው ስሙን በፈለገው ፊደል ይጻፍ። ግን እድር ነው። ቤቱ ሐዘን የገባበት ሰው «ስምህ የለም» ሊባል አይገባም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ቦታ አዘጋጀሁ። አንደኛው ላይ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየራሉ፤ ከነቤተሰቦቻቸው። ሃ እና ኣም ወደ ሀ እና አ ይገባሉ። ተፈላጊው ስም ሲጻፍ በዚያው መንገድ ያልፍና ይገናኛሉ። ጋሼ «ሀይሉ» ብለው ጽፈው ኃይሉ ሲመጣላቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው!

የዘመን አቆጣጠሩ ቀለል ይላል። ዝግጁ የቀን መምረጫዎች 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቁት። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የዌብ ኮድ ቋንቋ ውስጥ ያለው ኢንትል የሚባል መሣሪያ ግን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያሳያል። ተመልሶ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረውን ራሴ ጻፍኩት። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 2015ን ሞክሩት።

መሣሪያዎቼ ጥቂት ናቸው። ኮድ የምጽፍበት ቪኤስ ኮድ፣ የኮዱን ለውጦች የሚመዘግብልኝ ጊት እና መረጃው የሚቀመጥበት ኤስኪውላይት። ኤስኪውላይትን በጣም እወደዋለሁ። ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። በፍላሽ ገልብጬ ለጋሼ እሰጣቸዋለሁ። ኔትወርክ ቢጠፋም መዝገቡ ይከፈታል። ለሰፈር እድር በዶላር ሰርቨር መከራየት ምን ይሉታል?

የምማረውም እንዲሁ ነው። ኮርስ አልጠላም። ግን ያልቸገረኝን ነገር አእምሮዬ አይዘውም። መጀመሪያ ችግሩ ይመጣል፤ ከዚያ የዌብ ኮድ ማብራሪያ የሚገኝበትን ኤምዲኤን የሚባል ድረ ገጽ ከፍቼ የምፈልገውን ገጽ ረጋ ብዬ አነባለሁ። ምሳሌውን ገልብጬ አልለጥፍም። ገጹን ዘግቼ ከራሴ እጽፈዋለሁ። ያልገባኝ ያን ጊዜ ይለያል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስወጣና ስወርድ ላፕቶፕ አይታሰብም፤ ኮዱን በሐሳቤ አዞረዋለሁ። ብዙው መፍትሔ የመጣልኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው።

አሁን የቀረኝ ሙሐመድና መሐመድ ናቸው። እነዚህ በድምፅም ይለያሉ፤ ፊደል ማስተካከል ብቻ አያገናኛቸውም። የሌቨንሽታይን ርቀት የሚባል ስሌት አለ። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መቀየር እንዳለበት ይቆጥራል። ችግሩ፣ ለእሱ ሙን በመ መቀየርና ሙን በጨ መቀየር እኩል ነው። ለእኛ ደግሞ ሙ እና መ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ደግነቱ ዩኒኮድ ፊደሎቻችንን ስምንት ስምንት አድርጎ ነው የደረደራቸው። የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍዬ ቀሪውን ስጥለው አብዛኞቹ ቤታቸውን ይናገራሉ። እነቈ እና ኰ ለብቻቸው ስለተቀመጡ ለእነሱ ትንሽ ሰንጠረዥ እሠራለሁ። ከዚያ የአንድ ቤት ፊደላት ርቀት ግማሽ እንዲቆጠር አደርጋለሁ። ዛሬ ማታ የምጀምረው ይህን ነው።