ከ1968 የመጣው ድራይቨር

ዊንዶውስን እንደ አዲስ በጫንሁ ቁጥር ዲቫይስ ማኔጀርን (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበትን መስኮት) ከፍቼ «ሲስተም ዲቫይስስ» ከሚለው ሥር የተደረደሩትን ስሞች አንድ በአንድ የማየት ልማድ አለኝ። ከብዙ ጊዜ በፊት እንዲሁ ስመለከት በአንዱ የኢንቴል ቺፕሴት (ብዙ ዕቃዎችን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኝ ቺፕ) ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ተጭኜ የድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያዝበትን ሶፍትዌር፣ መግለጫ ብከፍት፣ የተሠራበት ቀን እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1968 ይላል። የግል ኮምፒውተር ገና ባልተፈጠረበት ዘመን የተጻፈ ድራይቨር ማለት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ሰዓቱ የተዛባ መስሎኝ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብቼ እስከ ማየት ደርሻለሁ።

ሰዓቱ ደህና ነበር። ቀኑ ኢንቴል የተመሠረተበት ቀን ሲሆን ኩባንያው ሆን ብሎ የመረጠው ነው። ዊንዶውስ ለአንድ ዕቃ የሚሆኑ ሁለት ድራይቨሮች ሲያገኝ በቅድሚያ የትኛው ከዕቃው መለያ ጋር ይበልጥ እንደሚገጥም ያያል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ ቀናቸውን አወዳድሮ የቅርቡን ይመርጣል፤ ቀኑም አንድ ከሆነ ወደ ቨርዥን ቁጥሩ ይሄዳል። ኢንቴል ለቺፕሴት ፋይሎቹ እጅግ የራቀ ቀን የሰጣቸው፣ የኮምፒውተሩ አምራች ለዚያው ክፍል የራሱን ድራይቨር አዘጋጅቶ ከሆነ የኢንቴል አጠቃላይ ፋይል መጥቶ ቦታውን እንዳይነጥቅበት ነው። ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ጋር አብረው ለሚመጡ ድራይቨሮች በተመሳሳይ ምክንያት እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2006ን ይጠቀማል። ስለዚህ ከሁለቱ ቀኖች አንዱን ያየ ሰው ድራይቨሬ አርጅቷል ብሎ መደንገጥ የለበትም፤ ሊያየው የሚገባው የቨርዥን ቁጥሩን ነው።

ይህን ነገር ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ቺፕሴት ድራይቨር ሲባል እንደ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር በየወሩ ቢታደስ ፍጥነት የሚጨምር ነገር ይመስለዋል፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር።

ቺፕሴቱ ራሱ ማዘርቦርዱ ላይ ከፕሮሰሰሩ ራቅ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ማቀዝቀዣ ብረት ተሸፍኖ የሚቀመጥ ቺፕ ነው። አብዛኞቹ የዩኤስቢ ወደቦች፣ የሳታ ዲስኮች፣ የድምፅና የኔትወርክ ክፍሎች ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙት በእሱ በኩል ነው። ቀድሞ ሥራው ለሁለት ቺፖች ተከፍሎ ነበር፦ ኖርዝብሪጅ ራምንና ግራፊክስን ሲያስተናግድ ሳውዝብሪጅ ዝግ ያሉትን ዕቃዎች ይይዛል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003 በአትሎን 64፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 በኔሃለም የራም መቆጣጠሪያውን ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካስገቡ ወዲህ ኖርዝብሪጅ እየከሰመ ሄደ። ዛሬ ቺፕሴት የምንለው የሳውዝብሪጅ ወራሽ ነው።

በኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ «ቺፕሴት ዲቫይስ ሶፍትዌር» የሚባለውን ጥቅል አውርዶ ፋይሎቹን የከፈተ ሰው የሚያገኛቸው በአመዛኙ አይኤንኤፍ የተባሉ የጽሑፍ ፋይሎችን ነው። በኖትፓድ ይነበባሉ። ውስጣቸው ያለው ነገር ቢጠቀለል «ይህ መለያ ቁጥር ያለው ክፍል ስሙ ይህ ነው፤ ለእሱም ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ድራይቨር ተጠቀም ወይም ምንም ድራይቨር አያስፈልገውም» የሚል ነው። ዕቃውን የሚያንቀሳቅስ አዲስ ፕሮግራም አይደለም፤ የስም መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ይህን መዝገብ ማደስ ኮምፒውተሩን አያፈጥነውም፤ ስም የሌለውን ክፍል ግን ስም ይሰጠዋል።

ስም የሌለው ክፍል ምን እንደሚመስል አዲስ ዊንዶውስ የጫነ ሁሉ ያውቀዋል። «አዘር ዲቫይስስ» የሚል ርዕስ ይከፈትና ከሥሩ ቢጫ ምልክት የተለጠፈባቸው ስሞች ይሰለፋሉ። «ኤስኤም ባስ ኮንትሮለር» የሚለው የቺፕሴቱ ጥቅል ሲጫን የሚጠፋ ነው። ኢንቴል ማሽን ላይ «ፒሲአይ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ ኮንትሮለር» የሚለው ደግሞ በአብዛኛው የማኔጅመንት ኢንጂን (ቺፕሴቱ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ትንሽ ፕሮሰሰር) መገናኛ ሲሆን የራሱ የተለየ ድራይቨር አለው። ሲከፈቱ ኮድ 28 ይላሉ፤ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። «አንኖውን ዲቫይስ» ብቻ ብሎ ዝም የሚለው ሲያጋጥም፣ ዕቃው ላይ ገብታችሁ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጡ። እዚያ ካሉት ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮች የመጀመሪያው አምራቹን ይናገራል፦ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የታዋቂው ፕሮሰሰሩ ስም መሆኑን ልብ በሉ። 1022 ከሆነ ኤኤምዲ ነው፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ ሌላ አምራች ሊሆን ይችላል። ይህችን ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው በግምት ፋይል ከማውረድ ይድናል።

የላፕቶፕ ባለቤቶች ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያጋጥማቸዋል። ዊንዶውስ ተጭኖ ሲያልቅ የመዳሰሻ ሰሌዳው አይንቀሳቀስም። ዕቃው አልተበላሸም፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚገናኘው በቺፕሴቱ ውስጥ ባለ አይ ስኩዌርድ ሲ በሚባል መስመር ስለሆነ፣ «ሲሪያል አይኦ» የተባለው ድራይቨር እስኪገባ ድረስ ዊንዶውስ አያየውም። የዩኤስቢ ማውስ በእጃችሁ ይኑር።

ከዚህም የባሰው ገና ከመነሻው መቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት የኢንቴል 100 ተከታታይ ቺፕሴቶች የዩኤስቢ 2.0 መቆጣጠሪያውን አስወግደው ወደቦቹን ሁሉ በዩኤስቢ 3.0 መቆጣጠሪያ ሥር ሲያደርጉ፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ለዚያ ድራይቨር አብሮት ስላልመጣ፣ ባዮስ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ኪቦርድና ማውስ የመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሲደርስ ድንዝዝ ይል ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ የተተካው የዲስክ ጉዳይ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ባሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የተባለው የዲስክ አስተዳደር አሠራር ከተከፈተ፣ የዊንዶውስ መጫኛ «ምንም ዲስክ አልተገኘም» ብሎ ባዶ ሰሌዳ ያሳያል። መፍትሔው የማከማቻ ድራይቨሩን አስቀድሞ በፍላሽ ይዞ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን መጫን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ያባከንሁበትን ስሕተት ልናገር፦ ፍላሹ ላይ የገለበጥሁት የመጫኛውን አንድ ፋይል እንዳለ ነበር። መጫኛው የሚፈልገው ተፈትቶ የወጣውን፣ አይኤንኤፍ ፋይሉ በግልጽ የሚታይበትን አቃፊ ነው። ፈትቼ ስሰጠው ዲስኩ ወዲያው ብቅ አለ።

ወደ ኤኤምዲ ስንሄድ ነገሩ ይለያል፤ «የስም መዝገብ ነው» ያልሁትም እዚያ እንዳለ አይሠራም። የኤኤምዲ ጥቅል እውነተኛ ድራይቨሮችን ይዟል፦ የጂፒአይኦና የኤስኤም ባስ የሚባሉት የውስጥ መገናኛዎች፣ ፒኤስፒ የሚባለው የደኅንነት ፕሮሰሰር፣ የኃይል አጠቃቀምን የሚመሩ ፋይሎችም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡት ራይዘን 9 7950ኤክስ3ዲ እና 7900ኤክስ3ዲ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በውስጣቸው ካሉት ሁለት የኮር ክፍሎች ተጨማሪው ካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) ያለው አንደኛው ብቻ ስለሆነ፣ ጨዋታ ሲከፈት ሥራውን ወደዚያኛው የሚያዞረውና ሌላውን የሚያሳርፈው ከቺፕሴት ጥቅሉ ጋር የሚመጣ ድራይቨር ነው። ያለ እሱ ፕሮሰሰሩ ይሠራል፤ የተገዛበትን ጥቅም ግን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2021 በፒኤስፒ ድራይቨር ውስጥ ከሜሞሪ መረጃ ሊያሾልክ የሚችል ክፍተት ተገኝቶ የተዘጋው በዚሁ ጥቅል ማሻሻያ ነበር። ስለዚህ የኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ የምሠራ ከሆነ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የለውጥ መግለጫውን አነባለሁ፤ ኢንቴል ላይ ግን ዊንዶውስ ስጭን አንድ ጊዜ አስገብቼ ረስቼው እኖራለሁ።

አጫጫኑ ብዙ ቃል አይፈልግም። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ከፍታችሁ «ቤዝቦርድ» በሚል የሚጀምሩትን መስመሮች ብታዩ የማዘርቦርዱን ስም ታገኛላችሁ፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ በአንድ ስም በተለያየ እትም ስለሚወጣ፣ ጠርዙ ላይ የታተመውን የእትም ቁጥርም ማየት ይጠቅማል። ከዚያ በማዘርቦርዱ ወይም በላፕቶፑ አምራች የድጋፍ ገጽ ላይ ያንኑ ሞዴልና የዊንዶውሱን ቨርዥን መርጦ ማውረድ ነው። የኤኤምዲን ጥቅል በቀጥታ ከኤኤምዲ መውሰድም ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀድመውም እሱ ነው። ፋይሉ ተጨምቆ (ዚፕ ሆኖ) ከመጣ መጀመሪያ መፍታት፣ ከዚያ መጫን፣ ከዚያ ሪስታርት። እኔ ቺፕሴቱን አስቀድሜ ግራፊክሱንና ድምፁን አስከትላለሁ፤ ወደቦቹ ስማቸውን ካገኙ በኋላ ሌላው በሥርዓት ይገባልና። ኢንተርኔት የሚያስገባው ካርድ ራሱ ድራይቨር የጠፋበት ከሆነ ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት አብዛኛውን ጊዜ ከጭንቅ ያወጣል።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ይህ ሁሉ አይነካችሁም፤ የቺፕሴቱ ድራይቨሮች ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብረው ይመጣሉ።

አሁን ወደዚያ ወደ 1968ቱ ቀን ልመለስ። ያኔ ነገሩን ሳላውቅ፣ ድራይቨሮችን ሁሉ በአንድ ጠቅታ አድሳለሁ የሚል ፕሮግራም አውርጄ ነበር። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን መርምሮ አሥራ አራት ድራይቨሮች «እጅግ ያረጁ» መሆናቸውን በቀይ ቀለም ነገረኝ፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጡት እነዚያ የ1968 ቀን ያላቸው ነበሩ። ቀን ብቻ እያየ የሚፈርድ ፕሮግራም ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሁሉንም ፈቀድሁለት። ከአሥራ አራቱ አንዱ የዲስክ መቆጣጠሪያው ነበር፤ ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ የሚነሣበትን ዲስክ ማግኘት እንዳልቻለ ነገረኝ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ያው።

ያዳነኝ ከአራት ቀን በፊት የተቀመጠ የመመለሻ ነጥብ ነው። ዊንዶውስ ደጋግሞ መነሣት ሲያቅተው በራሱ ወደሚገባበት የጥገና ገጽ ደርሼ «ሲስተም ሪስቶር»ን መረጥሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የቺፕሴት ጥቅል ከመጫኔ በፊት የመመለሻ ነጥብ በእጄ እሠራለሁ። አዲሱ ድራይቨር ካስቸገረ ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል ቁልፍ አለ፤ ቁልፉ ደብዝዞ ከታየ ዊንዶውስ የቀደመውን ድራይቨር አላስቀመጠም ማለት ስለሆነ፣ የሚቀረው ጥቅሉን አራግፎ የድሮውን ቨርዥን ከአምራቹ ገጽ መልሶ መጫን ነው። የሠራውን ቨርዥን ፋይል በፍላሽ የማስቀምጠውም ለዚህ ነው፤ አምራቾች የቆዩ ቨርዥኖችን ከገጻቸው የሚያነሡበት ጊዜ አለ።