«ኮንታሚኔሽን ነው»

ድሬዳዋ በሚያዝያ ሙቀት ሰው ብርድ ልብስ አምጡልኝ ሲል ደስ አይልም። ጋሼ የኩላሊት እጥበት (ዳያሊሲስ) ማሽኑ ላይ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ለእጥበቱ ደማቸው የሚወጣበትና የሚመለስበት ቱቦ፣ የካቴተሩ፣ መውጫ ላይ መግል የለም፣ መቅላትም የለም። ከካቴተሩና ከእጃቸው ደም ለካልቸር (ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ ለሚታይበት ምርመራ) ወስደን ቫንኮማይሲንና ሜሮፔነም የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ተጀመሩ። ሜሮፔነሙን ባለቤታቸው ከከዚራ እስከ ሳቢያን ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረው ነው ያገኙት። ዋጋውን የገዛ ያውቀዋል።

ከላቦራቶሪ ተደወለ።

«ሲስተር፣ የጋሼ ካልቸር ስቴኖትሮፎሞናስ አብቅሏል።»

«ምን አልከኝ?»

«ስቴኖትሮፎሞናስ የሚባል ባክቴሪያ። ሜሮፔነም ምንም አይለውም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይሰባብረዋል።»

ስልኩን ለዶክተሩ አቀበልኩ።

«ኮንታሚኔሽን ነው» አለ ወዲያው፤ ናሙናው ውስጥ ከውጭ የገባ ነው ማለቱ ነው። «የውሃ ባክቴሪያ እኮ ነው፤ የትም አለ።»

«ዶክተር፣ ከካቴተሩም ከእጃቸውም ነው የበቀለው። ኮንታሚኔሽን ሁለቱም ጋ እኩል ይገባል?» ይላል የላቡ ልጅ በስልኩ።

ዶክተሩ ስልኩን መለሰልኝ። «ይሄ ልጅ ወሬ ያበዛል። ሜሮፔነሙ ይቀጥል።»

የውሃ ባክቴሪያ መሆኑ እውነት ነው። እኔን ያናደደኝ ይሄው ነው። እርጥበት የሚወድ ነገር ካቴተር ላይ ቢገኝ ምን ይገርማል? ጋሼን ስለ ገላ መታጠብ ስጠይቃቸው፣ «አቦ፣ በዚህ ወበቅ ሳልታጠብ ልተኛ? ፕላስተሩ ሲረጥብ ቬንትሌተር ፊት እቀመጣለሁ» አሉኝ። በዚያ ይግባ በሌላ፣ ማረጋገጫ የለኝም። ለነገሩ የእኛንም እጅ አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ዳያሊሲስ ጋሼ እንደገና ተንቀጠቀጡ። ሲኒየሩ ሐኪም መጣ፣ ውጤቱን አንብቦ ብዙም አልተናገረም። ካቴተሩ ወጣ፣ ለጊዜው በብሽሽት በኩል ሌላ ገባላቸው። መድኃኒቱ ኮትሪሞክሳዞል ሆነ፤ ሰው ሆዱን ሲያመው ሳይጠየቅ የሚገዛው ባክትሪም። ለኩላሊታቸው ተብሎ መጠኑ ተስተካከለ፣ ፖታሲየሙን ከፍ ስለሚያደርግ በየጊዜው እየተለካ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው።

ባለቤታቸው የባክትሪሙን ደረሰኝ አገላብጠው አዩ። «ይሄ ብቻ ነው? ታዲያ ያኛውን ለምን አስገዛችሁኝ?»

«እናቴ፣ ውጤት እስኪመጣ ነው» አልኳቸው። ግማሹ እውነት ነው።

ኋላ ዶክተሩ ኬዙን በጠዋት ስብሰባ አቀረበው። ስላይዱ ያምራል፤ «ብርቅዬ» የሚለውን ቃል ደጋግሞታል። ከላብ የተደወለው ስልክ ግን የለበትም።

ለላቡ ልጅ ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ ሲስተር፣ ኮንታሚኔሽኑ እኔ ነበርኩ ማለት ነዋ!» አለኝ።